ፍኖተ ጥፋት፦ የካምፐርን የውሃ ማሞቂያ ለማበላሸት ለሚሻ ሰው

የመልካም ሥራን መንገድ የሚያስተምር ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሰው የሚጠፋበትን መንገድ በየደረጃው ካልተመለከተ በስተቀር፣ እያንዳንዱ ስሕተት ለብቻው ሲታይ ትንሽና ንቀት የሚገባው ስለሚመስለው፣ ከጥፋቱ ደጃፍ እስኪደርስ ድረስ መሳቱን አያውቅም። በሰሜን አሜሪካ ካምፐር የተባለውን ማደሪያቸውን በመኪና ጎትተው ወደ ተራራና ወደ ሐይቅ ዳር የሚወጡ ሰዎች፣ ከአንዱ ጉዞ ተመልሰው ሌላውን እስኪጀምሩ ድረስ የካምፐሩን የውሃ ማሞቂያ ማፍሰስ ይገባል ወይስ እንደ ሞላ መተው እያሉ ይከራከራሉ። እኔም ማሞቂያውን ለማጥፋትና በውሃው የሚታጠበውን ቤተ ሰብ ለመጉዳት የሚያበቃውን ሥርዓት፣ አንባቢ እያንዳንዱን ማዕርግ ዐውቆ ይሸሸው ዘንድ፣ ከመጀመሪያው እስከ ፍጻሜው እዘረዝራለሁ።

የመጀመሪያው ማዕርግ የገዛ ዕቃን አለማወቅ ነው። ጥፋትን የሚሻ ሰው በካምፐሩ የውጭ ግድግዳ ላይ ያለችውን ትንሽ በር አይክፈት። የከፈተ እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ 23 ወይም 38 ሊትር ያህል የሚይዝ ታንከር ያገኛል፤ ሰበርባን የተባለው ፋብሪካ የሚሠራው ውስጡ የተለበጠ ብረት ሲሆን፣ አትዉድ በሚል ስም ሲሸጥ የኖረው ግን ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። በብረቱ ታንከር የማፍሰሻ ቡሎን ላይ አኖድ የሚባል የማግኒዚየም ዘንግ ተያይዟል፤ ማግኒዚየም ከብረት ይልቅ ፈጥኖ የሚበላ ማዕድን ስለሆነ፣ ዝገት በታንከሩ ግድግዳ ላይ እንዳይሠለጥን ዘንጉ እንደ ጧፍ ራሱን እየጨረሰ ይጠብቀዋል፤ ከአራት እጅ ሦስቱ ያለቀ እንደ ሆነም መለወጥ ይኖርበታል። እንግዲህ ታንከሩን ከቶ የማያፈስ ሰው ቡሎኑን አይፈታም፣ ቡሎኑን የማይፈታም ዘንጉን አያይም፣ ዘንጉን ያላየ ደግሞ ዝገቱ ወደ ታንከሩ መዞሩን የሚረዳው ብረቱ ተበስቶ ውሃው ወለሉን ካራሰ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ማዕርግ፣ ውሃ ከተቀዳ በኋላ ምን ጊዜም እንደ ተቀዳ ይኖራል ብሎ ማመን ነው። ከጉዞ የተመለሰው ሰው ካምፐሩን በጓሮው አቁሞ ማሞቂያውን ከነውሃው ለሳምንታት ይተወው፤ የሐምሌና የነሐሴ ፀሐይም ለብ ያድርገው። በከተማው ውሃ ውስጥ የተጨመረው ክሎሪን ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ሲሄድ፣ ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ይመቸውና ሊበዛ ይችላል። ይህ ባክቴሪያ ስሙን ያገኘው በ1976 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ ከተማ በቤልቪዩ ስትራትፎርድ ሆቴል ከተሰበሰቡት የአሜሪካ ሌጂዮን ማኅበር አባላት፣ ማለት ከቀድሞ ወታደሮች መካከል፣ ብዙዎቹ በሳንባ ምች ታመው ከፊሎቹም በሞቱበት ጊዜ ነው፤ የበሽታውንም ምክንያት በተከታዩ ዓመት በጥር ወር ጆሴፍ ማክዴድ የተባለው የመንግሥት ተመራማሪ ለይቶ አወቀው። በሽታው በአብዛኛው የሚይዘው ከሻወር የሚነሣውን ረቂቅ የውሃ ርጭት ከአየር ጋር ወደ ሳንባ ሲስቡት ሲሆን፣ ይልቁንም አረጋውያንን፣ ሲጋራ የሚያጨሱትንና በሌላ ደዌ የደከሙትን ያጠቃል። ይህ መዓት በያንዳንዱ የቆየ ታንከር ላይ የሚወርድ አይደለም፤ ነገር ግን ለሳምንታት የተኛውን ውሃ ሳይደፋ፣ ታንከሩንም ሳያጥብ፣ ለብ ባለው ውሃ አሮጊት እናቱን የሚያስታጥብ ሰው፣ የእናቱን ጤና ለዕድል አሳልፎ ሰጥቷል።

ሦስተኛው ማዕርግ ዕቃው የሚሰጠውን ተግሣጽ አለመስማት ነው። ለብዙ ጊዜ ከቆመ ማሞቂያ የሚወጣ ሙቅ ውሃ አንዳንድ ጊዜ የበሰበሰ ዕንቁላል ይሸታል፤ ይኸውም በውሃው ያለውን ሰልፌት የሚመገቡ ባክቴሪያዎች፣ የማግኒዚየሙ ዘንግ እያገዛቸው፣ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለውን ጋዝ ስለሚያወጡ ነው። መድኃኒቱ ታንከሩን አፍስሶ በበረኪና ማጠብ ነው፤ ጥፋትን የሚሻው ግን ዘንጉን ነቅሎ ይጣልና ቀዳዳውን በተራ ቡሎን ይድፈነው፤ ሽታው ይቀንስለታል፣ ብረቱም ያለ ጠባቂ ይቀራል። ከሽታው የከፋ ሌላም ነገር አለ፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሳይሠራበት በቆየ የሙቅ ውሃ መስመር ውስጥ ሃይድሮጂን ጋዝ ሊጠራቀም እንደሚችል፣ ይህም ጋዝ እጅግ ተቀጣጣይ እንደ ሆነ፣ የፋብሪካ መመሪያዎች ያስጠነቅቃሉ። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ከሙቅ ውሃው መስመር ጋር የተያያዘ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከማሠራቱ በፊት ቧንቧውን ከፍቶ ለጥቂት ደቂቃ ያስተነፍሳል፣ በአጠገቡም እሳት አይለኩስም፤ ሲጋራ በአፉ ይዞ ቧንቧውን የሚከፍት ሰው ግን ራሱንም ቤተ ሰቡንም ለቃጠሎ ያጋልጣል።

አራተኛው ማዕርግ የማፍሰስን ጥቅም ከተማሩ በኋላ በችኮላ ማፍሰስ ነው፤ በጎ ሥራም ያለ ሥርዓቱ ከተሠራ ይጎዳልና። ከሰፈሩበት ሊነሡ የቸኮሉ ሰዎች፣ ውሃው ገና ትኩስ ሳለ፣ ግፊቱም በታንከሩ ውስጥ እንደ ታመቀ፣ ቡሎኑን በመፍቻ ያላሉትና የሚያቃጥለው ውሃ በፊታቸውና በእጃቸው ላይ ይወረወራል። ቅኑ ሥርዓት ግን ይህ ነው፦ ጋዙንና ኤሌክትሪኩን ማታ አጥፍቶ ውሃው እስኪቀዘቅዝ መታገሥ፤ ፓምፑን ማቆም፣ ከውጭ የሚገባ የውሃ ጎማ ካለም መንቀል፤ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍቶ ግፊቱን ማስወጣት፤ ከዚያ በኋላ ቡሎኑን ፈትቶ፣ አየር እንዲገባና ውሃው በሚገባ እንዲወርድ የግፊት ማስተንፈሻውን ቫልቭ መክፈት። ይህ ቫልቭ ሙቀቱ ወደ 99 ዲግሪ ወይም ግፊቱ 150 ፒኤስአይ ሲደርስ በራሱ የሚከፈት የሕይወት ጠባቂ ስለሆነ፣ አንጠባጠበ ብሎ የሚደፍነው ሰው በቤተ ሰቡ አጠገብ ፈንጂ እንዳኖረ ይቈጠራል። የማፍሰሻው ቀዳዳ ከታንከሩ ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃና የኖራ ዝቃጭ ከሥሩ ይቀራል፤ እርሱንም በቀዳዳው በሚገባ ቀጭን የውሃ መርጫ ማጠብ ያስፈልጋል። ቡሎኑን በሚመልሱበት ጊዜም ጥርሱን በቴፍሎን መጠቅለል ተገቢ ሲሆን፣ የአሉሚኒየሙ ታንከር ቡሎን ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነ በኃይል ሊያጠብቁት አይገባም።

አምስተኛው ማዕርግ አጭር ነው፦ ባዶውን ታንከር መለኮስ። ውሃ ያልሸፈነው የኤሌክትሪክ ኤለመንት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል። ስለሆነም ያፈሰሰ ሰው ማብሪያውን በሚያየው ቦታ ምልክት አድርጎበት ይሂድ፤ ሲመለስም የሙቅ ውሃው ቧንቧ አየር መትፋቱን ትቶ ውሃውን ያለ ማቋረጥ እስኪያወርድ ድረስ እጁን ከማብሪያው ይመልስ።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ማዕርግ ውርጭን መናቅ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን በይዘቱ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይሰፋል፤ ይህንንም ኃይል ታንከሩም፣ ቧንቧውም፣ መጋጠሚያውም አይችለውም። በሮኪ ተራሮች ላይ ቀኑ ሞቃት ሆኖ የዋለበት መስከረም እንኳ ሌሊቱ ውሃን ሊያረጋ ይችላልና፣ በጸደይ ሲመለስ የተሰነጠቀ ታንከር ማግኘት የሚፈልግ ሰው ሙሉውን ታንከር ለክረምቱ ይተወው። ለክረምት የሚያዘጋጀው ሰው ግን ታንከሩን አፍስሶ፣ ውሃ በማሞቂያው ሳያልፍ እንዲሄድ የሚያደርጉትን ቫልቮች አዙሮ፣ በቀሩት ቧንቧዎች ውስጥ ከፕሮፒሊን ግላይኮል የተሠራውን አንቲፍሪዝ ያስገባል፤ ለመኪና ራዲያተር የሚሆነው ኢትሊን ግላይኮል መርዝ ነውና በመጠጥ ውሃ መስመር ፈጽሞ አይግባ።

እንግዲህ ማፍሰስ ይገባል ወይስ አይገባም ለሚለው ጥያቄ መልሱ በሁለት መለኪያ ይገኛል፤ በቀኑ ብዛትና በአየሩ ቅዝቃዜ። በሳምንት ውስጥ ተመልሶ የሚወጣና ውርጭ የማያሰጋው ሰው ታንከሩን እንደ ሞላ ቢተወው ነውር የለበትም፤ የብረቱ ታንከር እንኳ እርጥብ ባዶ ሆኖ በአየር ውስጥ ከሚቆም ይልቅ፣ ዘንጉ ውሃ ውስጥ ሆኖ ቢጠብቀው ይጠቀማል። ሁለት ሳምንት ካለፈ ወይም ውርጭ ከተጠረጠረ ግን ያለ ክርክር ይፍሰስ። ከረጅም ዕረፍት በኋላም ለ57 ሊትር ውሃ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ሽቶ ያልተጨመረበት በረኪና በውሃ መያዣው ጨምሮ በቧንቧዎቹ ሁሉ ማሳለፍ፣ ማሞቂያው እንደ ጠፋ አራት ሰዓት ያህል ማቆየት፣ ሽታው እስኪጠፋም በንጹሕ ውሃ ማጠብ ይገባል።

ይህን ሁሉ የሚከለክል ሃኬት እንጂ የገንዘብ እጥረት አይደለም፤ መፍቻ፣ ጥቂት ቴፍሎንና የአንድ ማታ ትዕግሥት ካሉ ሥራው ይፈጸማል። የማፍሰስ ፋንታ የደረሰው ሰው የፈሰሰበትን ቀንና የዘንጉን ሁኔታ በትንሽ ወረቀት ጽፎ በማሞቂያው በር ውስጥ ይለጥፍ፤ ከእርሱ በኋላ ካምፐሩን የሚወስድ ወንድሙ ወይም ልጁ ከተጻፈው ቀን ተነሥቶ የሚያደርገውን ያውቃል፣ ሲከራከሩበት የኖሩትም ጥያቄ በአንድ እይታ ይፈታል።