መንግሥት በስልክ አይወርድም

«እኔ የምልህ፣ ይሄን ጠቅላይ ሚኒስትር ካርኒን ማን መረጠው?»

«ከሱ በፊት የነበረውን ትሩዶንስ ማን መርጦት ነበር?»

«ሕዝቡ ነዋ!»

«የትኛው ሕዝብ? የትሩዶ ስም ያለበት ወረቀት የሚሰጠው ሞንትሪያል ውስጥ ፓፒኖ በሚባለው የምርጫ ክልል ለሚኖር ሰው ብቻ ነበር። አንተ ስካርቦሮ ቁጭ ብለህ በየትኛው እጅህ መረጥከው?»

ወዳጄ ቶሮንቶ ከገባ ቆይቷል። የገባው ግን ሰውነቱ ነው፤ ፖለቲካው ገና ፔንስልቬንያ ነው ያለው። ጠዋት ፎክስ፣ ማታ ሲኤንኤን። የኦሃዮን አውራጃዎች ከነድምፃቸው ይዘረዝርልሃል፤ የገዛ ሠፈሩን የፓርላማ አባል ስም ስትጠይቀው ግን ቡናው ትዝ ይለዋል። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ካሉት የአበሻ ካፌዎች በየትኛውም ብትገባ እንዲህ ያለ ሰው አታጣም። ፈረንጁም አይሻልም፤ እንዲያውም ይብሳል፣ እሱ እኮ እዚሁ ተወልዶ ነው።

«ታዲያ ጠቅላይ ሚኒስትር አይመረጥም ነው የምትለኝ?»

«መራጩ የሠፈሩን ሰው ይመርጣል። በ2025ቱ ምርጫ 343 ወንበር ነበር፤ አብዛኞቹ ባለወንበሮች የሚያምኑት ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል፣ አለቀ። በ1867ቱ የካናዳ ሕገ መንግሥት ውስጥ ‹ጠቅላይ ሚኒስትር› የሚል ፈልገህ አምጣና ምሳ በኔ ነው።»

(ምሳው እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው፤ ቃሉ እዚያ የለም። ዓመተ ምሕረት እስካላልኩ ድረስ ደግሞ ዓመቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው።)

«ካርኒ እኮ ማርች 14 ቀን 2025 ሲምል የፓርላማ አባል እንኳ አልነበረም!»

«አልነበረም። ጆን ተርነርም በ1984 እንደዚያው ነበር። ወንበር ይኑረው የሚለው ልማድ ነው፣ ሕግ አይደለም። የኛው ሕገ መንግሥት ነው ‹ከምክር ቤቱ አባላት መካከል› ብሎ አንቀጽ 73 ላይ የጻፈው። ለመሆኑ መጋቢት 2010 ዓ.ም. አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሾም አንተ የትኛው ጣቢያ ተሰልፈህ ነበር? በ2005 ዓ.ም. መባቻ ኃይለማርያም መለስን ሲተካስ ካርድህን ይዘህ ሄድክ?»

ቡናው ትዝ አለው።

ይበልጥ የሚያንገበግበው ይሄ ነው። የሊበራል ፓርቲ ትሩዶን የሚተካ መሪ ሲመርጥ 14 ዓመት የሞላው ዜጋም ሆነ ፒአር (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ) ያለው ሰው፣ የሌላ ፓርቲ አባል እስካልሆነ ድረስ፣ በነፃ ተመዝግቦ ድምፅ መስጠት ይችል ነበር። ወዳጄ ዜግነት ስላልወሰደ በጠቅላላው ምርጫ አይመርጥም፤ በዚህኛው ግን እሱም፣ ትልቋ ልጁም ይችሉ ነበር። ከ150 ሺህ በላይ ሰው ድምፅ ሰጠ፤ ካርኒ ከመቶ 86 ያህሉን ወሰደ። ምዝገባው የተዘጋው ጃንዋሪ 27 ነበር። ወዳጄ ያን ሳምንት ሥራ በዝቶበት ነበር፤ ትራምፕ በዓለ ሹመቱን ካከበረ ሰባተኛ ቀኑ ስለነበር የሚፈርማቸውን ትእዛዞች ይቆጥራል።

«እሺ፣ መርጠን ካላወጣነው ኢምፒች አድርገን እናውርደዋ!»

«ኢምፒች የሚባል ነገር እዚህ የለም። እሱን ለማግኘት ናያግራን መሻገር አለብህ።»

«ገቨርነር ጀነራሏ ጋ መደወልስ?»

የሰማው ከሜዳ አይደለም። በፌብሯሪ 2022 ለተቃውሞ የወጡ የጭነት መኪኖች ኦታዋን ዘግተው ጡሩንባ ሲያንባርቁ፣ ያኔ ገቨርነር ጀነራል፣ ማለትም የንግሥቲቱ እንደራሴ፣ የነበሩት ሜሪ ሳይመን ጋ ደውሎ «እምነት የለኝም» ብሎ ያስመዘገበ ሰው ከበዛ መንግሥት ይወርዳል የሚል ወሬ ተነዛ። ሰዉም ደወለ! ጽሕፈት ቤታቸው እንዲህ ያለ መዝገብም አሠራርም የለንም ብሎ መግለጫ እስኪያወጣ ደረሰ። የመተማመኛ ድምፅ የሚሰጠው ምክር ቤቱ ነው፤ አንተ የምትሰጠው የስልክ ሒሳብ ብቻ ነው። በዚያው ሰሞን ኦታዋ ፍርድ ቤት ውስጥ አንዱ «የመጀመሪያው ማሻሻያ መብቴ» ብሎ ዳኛዋን ግራ አጋብቷል። የካናዳ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ ተብሎ የሚጠቀሰው እኮ በ1870 ማኒቶባን ክፍለ ሀገር ያደረገው ሕግ ነው። ሰውዬው ማኒቶባ የመሆን መብቱን ከጠየቀ ግን ይከበርለት።

እና ያን ሰሞን ማን ወረደ? ትሩዶ? ኧረ ወዲያ! ፌብሯሪ 2 ቀን የወረደው የተቃዋሚው የኮንሰርቫቲቭ መሪ ኤሪን ኦቱል ነው። የገዛ ፓርቲው የፓርላማ አባላት ተሰብስበው 73 ለ45 አሰናበቱት። መንገዱ ላይ ሺህ ጡሩንባ ሲነፋ አንድም ሚኒስትር አልተነቃነቀም፤ ጓዳ ውስጥ 118 ሰው ድምፅ ሰጥቶ የፓርቲ መሪ ቀየረ። ወዳጄ ሆይ፣ ልደውል ካልክ የሚደወለው ለነዚያ ነው።

«ቆይ ቆይ፣ በ2008 ግን ተሸናፊዎች ተጠራርተው የኮንሰርቫቲቩን ጠቅላይ ሚኒስትር የሃርፐርን ሥልጣን ሊቀሙ አልነበረም?»

«308 ወንበር ነበር። ሃርፐር የያዘው 143 ነው። ቀንስ።»

«... 165።»

«አሁን ተሸናፊው የትኛው ነው?»

ከ165ቱ ሁለቱ የግል ተመራጮች ናቸው፤ ቀሪዎቹ የሊበራል፣ የኤንዲፒና የብሎክ ኬቤኳ ፓርቲዎች። ዲሴምበር 1 ቀን የሊበራሉ ዲዮንና የኤንዲፒው ሌይተን ጥምር መንግሥት ለመመሥረት ፈረሙ፤ የብሎኩ ዱሴፕ ሚኒስትር ሳይሾም በድምፅ ልደግፍ አለ። ዲሴምበር 8 ድምፅ ሊሰጥ ቀጠሮ ተያዘ። ሃርፐር አራት ቀን ቀድሞ ያኔ እንደራሴ ወደነበሩት ሚካኤል ዣን ቤተ መንግሥት ሄደ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ ፓርላማውን እስከ ጃንዋሪ 26 አዘግቶ ወጣ። ልብ በል፣ ማዘጋት እንጂ ማስበተን አይደለም። ሲበተን ምርጫ ይጠራል፤ ሲዘጋ የፓርላማ አባላቱ ከነወንበራቸው ይቆያሉ፣ ድምፅ መስጫው ብቻ ይርቃቸዋል። ትሩዶም በጃንዋሪ 2025 ይህንኑ አደረገ። የሃርፐር ሰዎች ያኔ ብልሃት ያሉትን አሁን አምባገነንነት አሉት፤ ሊበራሎቹም እንዲሁ በግልባጩ።

ሰዉ አልገባውም ማለት ይቀላል። በዚያው በ2008 ዲሴምበር ኢፕሶስ ባደረገው መጠይቅ ከካናዳውያኑ ግማሽ ያህሉ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቀጥታ በሕዝብ ይመረጣል ብለው መልሰዋል፤ ርእሰ ብሔሯ ንግሥቲቱ መሆኗን የመለሰው ከአራት አንድ ነው። እኔ ግን የምቆጣው በመላሹ አይደለም። ሃርፐር በ2008 ያለ ምርጫ መንግሥት አይቀየርም ብሎ አገር ሲያስጮህ፣ እሱ ራሱ በ2004 ከነዚሁ ከሌይተንና ከዱሴፕ ጋር ያኔ ገቨርነር ጀነራል ለነበሩት ለአድሪየን ክላርክሰን የጻፈው ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ነበር። የሊበራሉ የፖል ማርቲን መንግሥት ድምፅ ካጣ ምርጫ ከመጥራትዎ በፊት ሌሎቹን አማራጮች ይዩ የሚል ነበር ደብዳቤው። ያኔ ተቃዋሚ ነበራ! አሠራሩን አሳምሮ ያውቀዋል። ሕዝቡ ባያውቀው ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም፤ ለዚያም ነው ማንም ባለሥልጣን ቁጭ ብሎ የማያስረዳህ።

«በ2022ስ ሊበራልና ኤንዲፒ ጥምር መንግሥት መሥርተው አልነበር?»

«ስንት የኤንዲፒ ሚኒስትር ታስታውሳለህ?»

«እ...»

«ዜሮ። ድምፅ ልስጥህ፣ የጥርስ ሕክምናውን አውጣልኝ ነው የተባባሉት። የኤንዲፒው መሪ ጃግሚት ሲንግ የፈለገውን ያህል አግኝቶ በሴፕቴምበር 2024 ውሉን ቀደደው። ማንም ሚኒስቴር አልለቀቀም፤ አልገባማ።»

«ይሁን። ግን በ2019ም በ2021ም ብዙ ድምፅ ያገኘው ኮንሰርቫቲቭ ነው፤ ሥልጣኑን የወሰደው ሊበራል። ይሄ ሌብነት ካልሆነ ምንድነው?»

«የወንበር ቆጠራ ነው። በ2021 ሊበራል 160፣ ኮንሰርቫቲቭ 119። አልበርታ ውስጥ አንዱን ወንበር በአርባ ሺህ ድምፅ ብልጫ ብታሸንፍ የምታገኘው ያው አንድ ወንበር ነው።» እዚህ ላይ እንኳ ወዳጄ እውነት አለው፤ ፍትሐዊ አይደለም። ትሩዶም በ2015 ይህ አሠራር ለመጨረሻ ጊዜ ነው ብሎ ምሎ ነበር። ከተመረጠ በኋላ ተወው። ያስመረጠውን መሰላል ማን ይሰብራል?

«እና የኮንሰርቫቲቩ ፖሊዬቭር? የራሱን ወንበር ተሸንፎ መሪ ሆኖ የቀረው በየትኛው ሕግ ነው?»

«በፓርቲው ሕግ። የፓርቲ መሪነት ሌላ፣ የፓርላማ ወንበር ሌላ። በ2025 ኤፕሪል 28 ካርልተን ላይ ሲሸነፍ 91 ዕጩ የተደረደረበት፣ አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ወረቀት ነበር። ከዚያ የአልበርታው ዴሚየን ኩሬክ ወንበሩን ለቀቀለትና በኦገስት ማሟያ ምርጫ ገባ። እዚያ ደግሞ ዕጩው 214 ደረሰ! ወረቀቱ አልችል ስላለ ምርጫ ቦርዱ ባዶ መስመር ሰጥቶ መራጩ የዕጩውን ስም በእጁ እንዲጽፍ አደረገ።»

«ፖሊዬቭር የሚለውን በእጅ? በፈረንጅኛ? ማን አስተካክሎ ይጽፈዋል!»

«ፊደሉ ቢሳሳትም ማንን እንደፈለግክ ከታወቀ ይቆጠራል ተባለ።»

«ተመስገን። እኔም ብሆን ተቆጥሮልኝ ነበር።»

«አንተ? አንተማ ትራምፕ ብለህ ነበር የምትጽፈው።»