ቤት ሳይሠሩ ምድርን የማዳን ጥበብ፦ ለከተማ ምክር ቤት አባላት የቀረበ የፌዝ ምክር

የአንዲት ትንሽና ባለጸጋ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነው ተመርጠዋል እንበል። እንኳን ደስ አለዎት! ከእንግዲህ ሁለት ነገር ይጠበቅብዎታል፦ የአየር ንብረት ለውጥ እንቅልፍ እንደነሳዎት በየመድረኩ መናገርና በሠፈሩ አንድም አዲስ ደጃፍ እንዳይከፈት መከላከል። ሁለቱ የሚጋጩ የሚመስላቸው ገራገሮች አሉ። በካሊፎርኒያ ከሚለቀቀው በካይ ጋዝ ትልቁን ድርሻ፣ 40 በመቶ የሚጠጋውን፣ የሚይዘው ትራንስፖርት ነው ይላሉ፤ ሠራተኛውን ከሥራው ርቆ እንዲኖር ያስገደደ ከተማም ጭሱን ወደ አውራ ጎዳና አዛወረው እንጂ አላጠፋውም ባዮች ናቸው። አይደንግጡ። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ ያሉት የሲሊከን ቫሊ ከተሞች መንገዱን ጠርገውልዎታል።

ሲጀመር ዕቅድ ያውጡ፤ ቁጥሩም ይግዘፍ። ፓሎ አልቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የካርቦን ልቀቷን በ2030 ከ1990ው መጠን በ80 በመቶ ዝቅ ለማድረግ ወስናለች። ግቡ የሚያስመሰግን ነው፤ እርስዎም ከዚያ አይነሱ። ብልሃቱ ያለው ሒሳቡ ላይ ነው። የሚቆጥሩት በከተማዎ ክልል ውስጥ የሚጨሰውን ብቻ ይሁን። ቢሮ የምታጸዳው ሴት ሌሊት ከሩቋ የስቶክተን ከተማ ተነሥታ፣ የአልታሞንትን አቀበት በመኪና ሰልፍ መሐል እየተጎተተች አልፋ ስትመጣ ያቃጠለችው ቤንዚን በሌላ ወረዳ መዝገብ ይግባ። እርስዎ ጣሪያ ላይ የሶላር ሰሌዳ፣ ጋራዥ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና አለዎት። ሒሳቡ ንጹሕ ነው።

ቀጥሎ አውሬ ይፈልጉ። ጅብን ሲወጉ አህያን ተጠግቶ ነው ይባል የለ? 5,000 ገደማ ነዋሪ ያላት ውድሳይድ የተጠጋችው ፑማ የሚባለውን የተራራ አንበሳ ነበር። ከ2022 መባቻ ጀምሮ የካሊፎርኒያ የሴኔት ሕግ ቁጥር 9፣ አንድ ቤት ብቻ በሚፈቀድበት ይዞታ ላይ ሁለት ቤት መሥራትንና ይዞታውን ለሁለት መክፈልን ፈቀደ። ሕጉ ጥበቃ የሚደረግላቸው እንስሳት መኖሪያ የሆነን መሬት አይነካም። ውድሳይድም ወር ሳይሞላ፣ መላዋ ከተማ የፑማ መኖሪያ ስለሆነች ማመልከቻ አልቀበልም አለች። ከነመዋኛ ገንዳዋ፣ ከነፈረስ ጋጣዋ፣ መላዋ ከተማ! የፑማው ጠባይም ልብ ይባል፦ የሚረብሸው ሁለተኛው ቤት እንጂ በዚያው መሬት ላይ የሚቆም አንድ ግዙፍ ቪላ አይደለም። ፑማን ከምር የሚጎዳው መኖሪያውን የሚቆራርጠው አውራ ጎዳናና ወደ ገጠሩ እየተለጠጠ የሚሄደው ግንባታ ነው፤ ለእሱ የሚያስብ ሰው ከተማ ውስጥ ተቀራርቦ መሥራትን ይደግፍ ነበር። ይህን ግን በስብሰባ ላይ አያንሡ። የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሮብ ቦንታ አድራጎቱ ሕገ ወጥ ነው ብለው ሲጽፉ፣ ከተማዋ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ውሳኔዋን ሻረች። ከዚህ የምንማረው፣ ለአውሬ መላውን ከተማ መስጠት ስግብግብነት እንደሆነ ነው፤ ግማሹ ይበቃዋል።

አውሬው ካልሠራ ሕግ አለ። ካሊፎርኒያ በ1970 ያወጣችው የአካባቢ ጥራት ሕግ፣ የአንድ ሥራ የተጽዕኖ ግምገማ ጎድሏል የሚል ተቃዋሚ ጉዳዩን ፍርድ ቤት እንዲወስድ ያስችለዋል። አጠቃቀሙን ከአዘርተን ይማሩ። በዚህች ከተማ አብዛኛው የመኖሪያ ይዞታ ቢያንስ አንድ ኤከር፣ ማለትም 4,000 ካሬ ሜትር ገደማ፣ እንዲሆን ይጠበቃል፤ በ150 ካሬ ላይ ግቢ፣ ሰርቪስና በረንዳ ለሚያብቃቃ አንባቢ ቁጥሩ የትየብ ስሕተት እንዳይመስለው። በከተማዋ የሚያልፈው ካልትሬይን የተባለው ባቡር ናፍጣን ትቶ በኤሌክትሪክ ሊሄድ ሲነሣ፣ አዘርተን በ2015 በዚሁ የአካባቢ ሕግ ከሰሰችው፤ ዛፍ ይቆረጣል፣ ሽቦ ይዘረጋል ብላ። በ2016 ተረታች። በ2020 ደግሞ የራሷ ባቡር ጣቢያ እንዲዘጋ ተስማማች። በ2024 ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ዛሬ ሳይቆም ያልፋታል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ጣቢያ በሌለበት ከተማ «ጣቢያው አጠገብ አፓርታማ ይሠራ» የሚል ሰው አይኖርም።

ተቃውሞ ሲመጣብዎ እንደ አመጣጡ ይመልሱ። ገንቢው በገበያ ዋጋ ሊሸጥ ከመጣ «ይህ ለመምህሩና ለነርሷ አይሆንም» ብለው ለድሃው ይቆርቆሩ። ለድሃው የሚሆን ቤት ከመጣ ደግሞ ለትራፊኩ ይቆርቆሩ። በ2013 ፓሎ አልቶ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አረጋውያን 60 አፓርታማዎችን የያዘ ዕቅድ በሕዝበ ውሳኔ ቀርቷል። ሲሚንቶና ብረት ራሳቸው ካርቦን ያስወጣሉ የሚለው ክርክር እውነት ስላለበት ከሁሉ የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ እርስዎ የከለከሉት ቤተሰብ ሜዳ ላይ አያድርም፤ ሩቅ ቦታ ያው ሲሚንቶ ይፈስለታል፣ በላዩም አስፋልትና የየቀኑ መንገድ ይጨመርበታል። ስለዚህ «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ማይክሮፎን እንዳይደርሰው። የሰደድ እሳቱ ሥጋትም እውነተኛ ነው፤ በደረቅ ኮረብታ ላይ ቤት መደርደር አያዋጣም። ጥበቡ የኮረብታውን እሳት እየጠቀሱ ሜዳው ላይ ያለውን የመኪና ማቆሚያ መከላከል ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የዴሞክራሲ ነው፤ እሱ ግን ለእርስዎ ይሠራል። ስለ ከተማው ነዋሪው ካልወሰነ ማን ሊወስን ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ የሚያዝ መንግሥት የሠፈርን ነገር ሁልጊዜ አያውቅም። ግን ነዋሪው ማለት ስብሰባ የመጣው ነውን? የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማሳቹሴትስን ከተሞች ቃለ ጉባኤ መርምረው፣ በቤት ግንባታ ስብሰባ የሚናገሩት ከቀሪው ነዋሪ ይልቅ በዕድሜ የገፉ፣ የቤት ባለቤቶችና በሠፈሩ የቆዩ እንደሆኑ፣ አብዛኞቹም ግንባታውን እንደሚቃወሙ አሳይተዋል። ሊገባበት የነበረው ሰው ገና ስላልገባ ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ስለሌለውም አይገባም። ይህን ክብ ለመጠበቅ ከባድ ሥራ አያስፈልግዎትም። ስብሰባውን በሥራ ቀን ምሽት ይጥሩት፤ የቤት ጉዳዩን የአጀንዳው መጨረሻ ያድርጉት፤ ሌሊቱ ሲጋመስ «የሕዝብ አስተያየት ተደምጧል» ብለው ይዝጉ።

ምክሩ አንድ እንከን አለው፤ አጥብቀው ሲከተሉት ይገለበጣል። ካሊፎርኒያ ከተሞች በየስምንት ዓመቱ የቤት ዕቅድ እንዲያቀርቡ ታስገድዳለች። ተቀባይነት ያለው ዕቅድ በሌለበት ከተማ፣ ከቤቶቹ የተወሰነውን ለዝቅተኛ ገቢ የሚመድብ ገንቢ የከተማውን የመሬት አጠቃቀም ደንብ አልፎ መጠየቅ ይችላል። የአዘርተን ጎረቤት ሜንሎ ፓርክ በዚህ መንገድ፣ የሳንሴት መጽሔት ቢሮ በነበረበት ግቢ ላይ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ይሠሩ የሚል ማመልከቻ ደርሷታል። በ2025ም ግዛቱ በከተማ ውስጥ የሚሠሩ አብዛኞቹን የመኖሪያ ቤቶች ከዚያ ከ1970ው ሕግ ግምገማ ነጻ አውጥቷል። ሦስት ፎቅ የከለከለ ምክር ቤት የግንብ ጥላ ሥር ሊውል ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ «የአካባቢ ሥልጣን ተነጠቀ!» ብለው ይጩኹ። «ሥልጣኑ በእጅዎ ሳለ ምን ሠሩበት?» የሚል ቢነሣም አይሥጉ፤ ለእሱ አጥኚ ኮሚቴ ማቋቋም ይቻላል።