ለስታተንስ ቬግቬሰን፦ ከሮመን ሐበሾች የተላከ ምስጋና

የተከበራችሁ የኖርዌይ መንገዶች አስተዳደር ኃላፊዎች ሆይ፤

እኛ በኦስሎ ሮመን ሠፈር የምንኖር ሐበሾች ከብርዱና ከመንጃ ፈቃድ ቴዎሪ ፈተናው በቀር ደህና ነን።

ደብዳቤዬ የምስጋና ነው። ከአዲስ አበባ ይዘን የመጣነውን መንጃ ፈቃድ ሦስት ወር ታገሣችሁልን፤ ከዚያ ወዲያ ባለቤቱን «ከሀ ጀምር» አላችሁት። እውነት ነው፤ ሚኒባስ ከፊቱ፣ የበግ መንጋ ከጎኑ፣ መገናኛን በጠዋት ሃያ ዓመት ያለ ጭረት ያቋረጠ ሰው ስለ መንገድ ምን ያውቃል? አገሩ ከግራ መስመር ወደ ቀኝ የዞረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ጎረቤታችሁ ስዊድን ከሦስት ዓመት በኋላ ተከተለች። እሱም ቢሆን ነጥብ አያስገኝለትም።

የቴዎሪ ፈተናው 45 ጥያቄ ነው፤ ሰዓቱ 90 ደቂቃ። 38 ያልሞላለት ሁለት ሳምንት ጠብቆ እንደገና በ5 ቁጥር ባቡር መፈተኛው ጣቢያችሁ ሪስሎካ ይወርዳል።

የሮመን ልጆች ባለውለታዎቻችሁ መሆናቸውንስ ታውቃላችሁ? የራሳቸውን የቤት ሥራ አስቀምጠው ማታ ማታ እናቶቻቸውን ቴዎሪ ያስጠናሉ።

«እማዬ፣ ምልክት በሌለው መስቀለኛ መንገድ ቅድሚያ የማን ነው?»

«ከቀኝ ለሚመጣው ነዋ!» ትላለች ሽንኩርቷን እየከተፈች።

«በ80 እየነዳሽ ብታቆሚስ?»

«ፍሬኑ 32 ሜትር ይወስዳል። ነገሩ ገብቶኝ እግሬ ፍሬን እስኪረግጥ ደግሞ 24 ጨምሩበት።»

ያንኑ ጥያቄ ኮምፒውተራችሁ በኖርዌጅኛ፣ አፍራሽ በአፍራሽ ላይ ደራርቦ ሲያመጣባት ግን ይህችው ሴት መንገድ የማታውቅ ሆና ትወጣለች። እንግሊዝኛም አለ ትሉ ይሆናል፤ አዎ፣ እንግሊዝኛ ለተማረ አለ። በቱርክኛ፣ በአረብኛና በኩርድኛም አዘጋጅታችሁ ታውቃላችሁ። አማርኛ ላይ ስትደርሱ ነው ቀይ የበራባችሁ።

በአንድ ነገር ግን አልቀልድም። በጨለማ የመንዳት ትምህርቱና የሚያንሸራትተው ሜዳ ላይ የምትሰጡት ስልጠና ያስፈልገናል፤ ከ0.2 ፕሮሚል የአልኮል ወሰናችሁም ጋር ጠብ የለንም። በመኪና አደጋ ሰው እጅግ በጥቂቱ ከሚሞትባቸው አገሮች አንዷ ኖርዌይ የሆነችው በዋዛ አይደለም። ደግሞ ያ ሜዳ ፍትሐዊ ነው፤ የማንንም አፍ መፍቻ ሳይጠይቅ ሁሉንም እኩል ያንሸራትታል።

ጥያቄ ቀንሱልን፣ ማለፊያውን ዝቅ አድርጉልን አንልም። 38ቱን እንመልሳለን፤ በአማርኛ ጠይቁን።