እኩል አራሹ

አዴት ገበያ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ራሱን በነጠላ ሸብ አድርጎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሄድ ጎልማሳ ካያችሁ እኔ ነኝ። ሰላምታ አትስጡኝ፤ ድምፅም ያመኛል።

የእኔ ሕመም ሙሉ ራስ አይፈልግም፤ ግራው ይበቃዋል። ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። ግሪኮች «ሄሚክራኒያ»፣ ግማሽ ራስ እንደማለት፣ ያሉት በፈረንሳዮች አፍ ተሸራርፎ ማይግሬን ሆነ። ወደ ወረዳችን ወደ ይልማና ዴንሳ መጥተው ቢጠይቁን እኩል አራሽ እንልላቸው ነበር። ልዩነቱ ይህኛው አራሽ በሬም ዘርም አያመጣም። በግራ ዓይኔ በኩል ይገባና፣ መድኃኒት ካልቀደመው፣ ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ቢበዛ 72 ሰዓት ሲገለብጠኝ ይከርማል።

ደጃቸው ከደጃችን የገጠመው እትዬ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው በቡና አጠጡኝ። የዕድራችን ዳኛ «ደም ብዛት ነው» አሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ንባብ ያበዛል» ብሎ አስወራልኝ፤ ይኼን ምርመራ ወደድኩት። በሽታው ሴቶችን ከወንዶች ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚይዝ የሰማሁ ቀን ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። የጠላ ቤት ጨዋታ ልሁን እንዴ?

በመጨረሻ ባሕር ዳር ወረድኩ። ሐኪሙ «ማስታገሻ ምን ያህል ይወስዳሉ?» አለኝ።

«እንደ ቆሎ» አልኩት።

እንደየዓይነቱ በወር ከ10 ወይም ከ15 ቀን በላይ ከተወሰደ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት እንደሚያመጣ ነገረኝ። ለካ ዘበኛ ብዬ የቀጠርኩት ነው ለሌባው በር ሲከፍትለት የኖረው። ከዚያ አዘዘ፦ እንቅልፍ በሰዓቱ፣ ምግብ በሰዓቱ፣ ቡና በልኩ፣ ውኃ በብዛት፤ የሚያምዎትን ቀን ደግሞ ደብተር ላይ ይጻፉ።

ለደብተሩ አዴት አገሩ ነው። የግብርና ምርምር ማዕከል ያለበት ከተማ ነዋሪ፣ ለአንዲት መደብ ሰብል እንኳ መቼ እንደተዘራችና መቼ እንደታረመች እንደሚመዘገብ ያውቃል። እኔም ራሴን መደብ አድርጌ መጻፍ ያዝኩ።

«ረቡዕ። ጾም። እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ። 8 ሰዓት ላይ ግራ ዓይን።»

«ቅዳሜ። ሠርግ። ትንሽ ጠላ።» (ከሥሩ በባለቤቴ እጅ ጽሑፍ፦ «አረቄውስ?»)

«እሑድ። ምክንያቱ አልታወቀም።»

ሁለት ወር ሲሞላ «ምክንያቱ አልታወቀም» የተባለባቸው ቀኖች በሙሉ እሑድ ሆነው ቁጭ አሉ። እትዬ ይኼ ሲነገራቸው አማተቡና «ጠበል!» አሉ። እውነትም ሰንበት ጠብቆ የሚነሣ ሕመም ስሙ አያምርም። ነገሩ ግን ቡና ነበር። በአዘቦት ቀን አቦሉን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እጠጣለሁ፤ እሑድ አስቀድሼ፣ ማኅበርተኛ ሰላም ብዬ ቤቴ ስደርስ 5 ሰዓት ይሆናል። ቡና የለመደ ራስ ከመጨረሻው ስኒ በኋላ 12 ሰዓት ካለፈው ማጉረምረም ይጀምራል። ይኼን አገራችን ውስጥ ሕፃን ያውቀዋል፤ እኔ ብቻ ነኝ የመኪና ከፍዬ ባሕር ዳር ድረስ የተማርኩት።

ስኒውን በየሳምንቱ አንድ አንድ እየቀነስኩ ከአራት ወደ አንድ አወረድኩ። ለጾሙ የንስሐ አባቴ «ለታመመ ይፈቀዳል፣ ልጄ» አሉኝ። ቢፈቀድም አፈርኩ፤ ረቡዕና ዓርብ 6 ሰዓት ሲሆን ጓዳ ገብቼ ሽሮዬን በጨለማ እበላለሁ። ጨለማው ለዓይኔም ይስማማዋል። ማታ 3 ሰዓት ላይ መተኛቱ ቀላል ነው፤ ከባዱ እሑድ ተኝቶ አለማርፈድ ነው። ራሴ አዲስ ነገር አይወድም፣ ዕረፍትም ቢሆን።

የቀረው ዕጣኑ ነበር። የእትዬ ቡና ከነሥርዓቱ ነው፤ ቄጠማው፣ ፈንዲሻው፣ ከሁሉም በላይ ዕጣኑ። ቡናው የፈታውን ራስ ዕጣኑ መልሶ ይተበትበዋል። አንድ ቀን ጎረቤት በተሰበሰበበት ደፈርኩ።

«እትዬ፣ ዕጣኑን ትንሽ ወደ በሩ ቢያወጡልኝ?»

«ምነው ልጄ? ዕጣን ያስፈራሃል?»

ቤቱ ጭጭ አለ። ጎጃም ውስጥ ዕጣን የሚፈራው ምን እንደሆነ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። እስከ በረካው ድረስ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። እትዬ ግን ማጨሻውን ብድግ አድርገው በሩ ላይ አኖሩልኝ፤ ሲወጡ ሲገቡ ግን ቀና ብለው ያዩኛል።

አሁን እኩል አራሹ ቢበዛ በወር አንዴ ብቅ ይላል፤ ድርሻውን ይወስድና ይሄዳል። ባለፈው እሑድ ይኼንኑ ለእትዬ ነገርኳቸው። ደስታቸው ወሰን አጣ። ለካ ከባለቤቴ ጋር ተመሳጥረው ትራሴ ሥር ዳማከሴ ሲያስቀምጡልኝ ከርመዋል።

«አየህ የእኔን ቅጠል!» አሉኝ። «እሰይ፣ እንግዲህማ ዳንክ!»

ተነሥተው ማጨሻውን ከበሩ አመጡና እግሬ ሥር አስቀመጡት።