እሴቶችን ከአጠቃቀም ብልሽት ለመጠበቅ የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 0/ዘንድሮ

ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከማሰማት ያለፈ ግን አንዳች ነገር እንዳታደርግ!

ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ሐቀኝነትና መሰሎቻቸው በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ለዓመታት ያለ አንዳች ጭረት በመቆየታቸው፤ የደኅንነታቸውም ምስጢር ማንም ነክቷቸው ስለማያውቅ መሆኑ በመረጋገጡ፤

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ እንዲከናወን ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያዝ፣ ባለጉዳይም ፋይሉ የት እንደገባ ከዚያው ዘመን ጀምሮ ሲጠይቅ፣ ሁለቱ ሳይተዋወቁ በሰላም መኖራቸው የሚያስመሰግን ሆኖ በመገኘቱ፤

አንዳንድ ሥርዓት አልባ ግለሰቦች ግን እሴቶቹን ከግድግዳ አውርደው በጠራራ ፀሐይ ይኖሩባቸው ጀምረዋል የሚል ጥቆማ ስለደረሰን፤

እኛ የግድግዳ ባለአደራዎች የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የአትንኩት አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። መጠቀስ ብቻ።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ

“እሴት” ማለት ከራዕይና ከተልዕኮ ቀጥሎ የሚሰቀል ጽሑፍ ነው። “ባለጉዳይ” ማለት ጽሑፉን አንብቦ እንዲጨርስ በቂ ጊዜ የተሰጠው ሰው ነው። “አርአያ” ማለት በስብሰባ ላይ ከሁሉ ቀድሞ እጁን የሚያወጣ ነው።

አንቀጽ 3፤ ስለ 12ቱ

12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ከቅንነት ተነስተው አርአያ እስከ መሆን ድረስ እንደተሰቀሉ ይቆያሉ። ፍሬማቸው በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፤ ወልዋይዋ በምን ደመወዝ እንደምትኖር መጠየቅ ከፍሬሙ ወሰን ውጭ ነው።

ከ12ቱ መካከል ምስጢር መጠበቅ ብቻ ያለ ገደብ በሥራ ላይ እንዲውል ተፈቅዷል። በተለይ ባለጉዳዩ “ፋይሌን ማን አዘገየው?” ሲል ሙሉ በሙሉ ይተገበራል። ጠያቂው በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ የማግኘት መብት አለኝ ካለ፣ መብቱ እንዳለው በትህትና ይነገረዋል። መብቱ አለ፤ የሌለው መረጃው ነው።

ለባለጉዳይ ጥያቄ ምላሽ መስጠትን በሚመለከት፣ “ሲስተም የለም” የሚለው እንደ ሙሉ ምላሽ ይቆጠራል። አድልዎ አለመፈጸም ማለት ሁሉንም እኩል ማጉላላት ነው፤ ከላይ የተደወለላቸው ግን “ሁሉም” ውስጥ አይገቡም። (እዚህ ላይ ከአርቃቂዎቹ አንዱ ስቀዋል። ሳቁ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ተወስኗል።)

አንቀጽ 4፤ ስለ ሥልጠና

የታማኝነት ሥልጠና ቢቻል ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር፣ ካልተቻለ አዳማ ይሰጣል። አዲስ አበባ ያለው የራሳችን አዳራሽ ውሎ አበል ስለማያስገኝ ለታማኝነት አይመችም። ለቀረ ባልደረባ መፈረም የባልንጀርነት ግዴታ ነው። የሰዓት አከባበርን ሥልጠና የሚከፍቱት የክብር እንግዳ ሁለት ሰዓት አርፍደው ሲገቡ ታዳሚው ተነስቶ ያጨበጭባል።

ኅዳር 30 የሚውለው የዓለም የጸረ ሙስና ቀን በፓናል ውይይትና በቲሸርት ይከበራል። የቲሸርቱ ግዥ ደረሰኝ አጀንዳ ውስጥ አይካተትም።

አንቀጽ 5፤ የተፈጻሚነት ወሰን

ይህ አዋጅ በመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ላይ ተፈጻሚ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል።

ልጁን “ውሸት ነውር ነው” ብሎ የቆጣ አባት፣ የዕቁብ ሰብሳቢው ሲያንኳኳ “አባዬ የለም በላቸው” ማለት ይችላል። ስለ ሐቀኝነት ጥቅስ የለጠፈ የሚኒባስ ረዳት የተሳፋሪውን መልስ “ዝርዝር የለም” ብሎ ማስቀረት ይችላል። በዕድሩ ስብሰባ ስለ መተጋገዝ ረጅም ንግግር ያደረጉ አባል ድንኳን በሚተከልበት ሰዓት ወገባቸውን ሊያማቸው ይችላል። በፌስቡክ ገጹ ስለ ሰው ልጅ ክቡርነት የጻፈ ሰው፣ የቤት ሠራተኛው ወጥ ቤት ተቀምጣ የተረፈውን ስትበላ፣ እሱ ሳሎን ሆኖ ላይክ መቁጠር ይችላል። የአባቷን ስም እንዲያውቅ አይገደድም።

አንቀጽ 6፤ ስለ አጥፊዎች

ለዚህ አዋጅ መውጣት ምክንያት የሆነችው ስሙን በማንጠቅሰው መሥሪያ ቤት የምትሠራ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። የክሱ ዝርዝር እንደሚከተለው ነው። ጠዋት 2፡30 ቢሮ ተገኝታለች፤ ይህም አንድ ቀን ቢሆን በቸልታ በታለፈ ነበር፣ ግን ደጋግማዋለች። አንዲት አሮጊት የይዞታ ፋይል ፍለጋ ሲመጡ “ይቀመጡ እማማ” ብላ የራሷን ወንበር ሰጥታለች። ከዚያም መሰላል ወጥታ፣ አቧራ ለብሳ፣ ከሌላ ክፍለ ከተማ ፋይሎች ጋር የተደባለቀውን መዝገብ አውጥታለች። አሮጊቷ ከመቀነታቸው ፈትተው የሻይ ሲሰጧት “ለልጅ ልጆችዎ ብስኩት ይግዙበት” ብላ መልሳለች። ሁሉንም ያደረገችው ሥራዋ ስለሆነ ነው ብላ መከራከሯ ጥፋቷን አክብዶታል።

በምርመራው ወቅት 12ቱን መርሆዎች እንድትዘረዝር ተጠይቃ ሰባቱን ብቻ፣ ያውም አዘበራርቃ ተናግራለች። ከጠረጴዛዋ በስተጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ከቀን መቁጠሪያ በስተቀር የተሰቀለ ነገር አልተገኘም። ምስክር ሆነው የቀረቡት አሮጊት ተከሳሿን ለመመረቅ ተነስተው ስለነበር በሥነ ሥርዓት ጉድለት ከችሎት ወጥተዋል።

ተከሳሿ ለሁለት ሳምንት በባለጉዳይ አያያዝ ላይ እንድትሠለጥን ተፈርዶባታል። መስኮቷ “ሥልጠና ላይ ነን” የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ተዘግቷል።

አንቀጽ 7፤ አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

እዚህ ላይ የሕግ ክፍላችን አንድ እንቅፋት ጠቁሞናል። ይህን አዋጅ የፈጸመ ሰው የተጻፈን ነገር በተግባር አውሏል፤ በተግባር ያዋለም በዚሁ አዋጅ ይከሰሳል። ስለዚህ አዋጁ የሚጸናበት ቀን ሳይቆረጥለት በፍሬም ተደርጎ ከ12ቱ ጎን እንዲሰቀል ታዝዟል። ምስማሩ ተገዝቷል። መዶሻው ያለው ንብረት ክፍል ነው፤ ቁልፉን የያዙት ኃላፊ ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት ሊሠለጥኑ ቢሾፍቱ ሄደዋል።

ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ሁሉ፤ ለግድግዳው።