ማንም ያላዘዘው ቤዝ

አሰላ ውስጥ የማይሮጥ ሰው ሰበብ ያስፈልገዋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የዚሁ ልጅ ነው፤ በቆጂማ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን አከታትላ አውጥታ ሌላውን ሁሉ ሰነፍ አስመስላዋለች። የእኔ ሰበብ መላጊያ ነው። እሁድ እሁድ ጓሮ ቁጭ ብዬ እንጨት እልጋለሁ። መደርደሪያና የዶሮ ቤት ስሠራ ቀና ብሎ ያየኝ አልነበረም። ቤዝ ጊታር ልሠራ ነው ያልኩ ዕለት ግን ሰፈሩ በሙሉ ሥራ ፈታብኝ።

«ማን ሊጫወትበት?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። ጆቫኒ ሪኮ በሮሃ ባንድ፣ መላኬ ገብሬ በዋልያስ ቤዝ በተጫወቱበት አገር ኪቦርድ መጣና የቤዝ ተጫዋቹን እንጀራ በግራ እጁ ጠቀለለው። ዛሬ ለሠርግ አንድ ኪቦርድና አንድ ድምፃዊ ካሉ ድንኳኑ ሞላ ይባላል። ቤዝ ሲኖር ማንም ልብ አይለውም፤ ሲጠፋ ግን ዘፈኑ እግር ያጣል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው እሱን ነው። ክራርን በጆሮ ነው የምንሰማው፤ በገናና ቤዝን በደረት።

ለገላው የሚሆን ዋንዛ ፍለጋ ጫካ አልገባሁም። የአማቴ አሮጌ አልጋ ራስጌ ዋንዛ ነበር፤ ዘመን ያደረቀው እንጨት ደግሞ አይጣመምም።

«ልጆቼን የወለድኩበት አልጋ ነው፤ ምን ልታደርገው ነው?» አሉኝ።

«ላዘፍነው ነው፣ እማማ።»

«እስከዛሬ ሲጢጥ ሲል የኖረው አልበቃ ብሎ?»

አንገቱን ከወይራ ሠራሁት። አራቱ ገመዶች ሲወጠሩ ተደምረው ወደ 80 ኪሎ ግድም ይስባሉ፤ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ገብስ ቀንና ሌሊት አንገቱ ላይ ተሰቅሎ እንደማደር ነው። ፋብሪካዎቹ አንገቱ ውስጥ የብረት ዘንግ የሚቀብሩት ለዚህ ነው፤ እኔም ወይራውን በመሮ ቦርቡሬ ቀበርኩ። ገመዱን ከአዲስ አበባ፣ 175 ኪሎ ሜትር አስቋርጬ አስመጣሁት። የሰፈራችን ባለባጃጅ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ቅር ይለዋል፤ «የፍሪሲዮን ካቦ እያለልህ!» ይለኛል።

ከሁሉ የከበደው የፍሬቶቹ፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም የሚደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ቦታ ነው። ገመዱ ከራሱ መደገፊያ እስከ በርኩማው 86.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህን ለ17.817 አካፍለህ 4.85 ሴንቲ ላይ የመጀመሪያውን ፍሬት ታስቀምጣለህ፤ የቀረውን ርዝመት እንደገና ለዚያው ቁጥር ታካፍላለህ፤ እንዲህ እያልክ ትወርዳለህ። ካልኩሌተሩ የልጄ ነው፤ እሷም ሳትጠይቅ አታበድርም።

«አባዬ፣ 17.817 ከየት መጣ?»

«አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ልክ የገመዱ ግማሽ ላይ እንዲያርፍ ነው።»

«ታዲያ ካረፈ ትጫወተዋለህ?»

መጫወት አልችልም። ሊዮ ፌንደርም አይችልም ነበር። ሰውየው ካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ከተማ ውስጥ ሱቅ የነበረው ራዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ጊታር መጫወት ሳይማር ነው የሞተው። ያኔ ቤዝ ማለት ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ቆመው አቅፈው የሚጫወቱት ግዙፍ ዕቃ ነበር። እሱ በ1951 እ.ኤ.አ. አሳንሶ፣ ፍሬት ደርድሮበት፣ ትከሻ ላይ አንጠለጠለው። ይህን ለልጄ ስነግራት «እሱስ ራዲዮ መጠገን ይችል ነበር» አለችኝ።

የቀረው ድምፁን የሚያነሳው ፒክአፕ ነበር። ማግኔት ላይ ከፀጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ይጠመጠማል፤ የብረቱ ገመድ እላዩ ላይ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ቅንጣት ኤሌክትሪክ ይወለዳል፤ አምፕሊፋየሩ እሱን ያጎላዋል። የጠመጠምኩት በባለቤቴ የስፌት መኪና የክር መጠቅለያ ነው። ሽቦው ሲበጠስ ስታኞ አቅልጬ እቀጥላለሁ፤ ባለቤቴም ቀሚሷ መቼ እንደሚሰፋ ትጠይቀኛለች።

ይህ ጥቅል ግን ጆሮው ሰፊ ነው፤ ከገመዱ ሌላ በግድግዳው ሽቦ ውስጥ የሚሄደውን መብራትም ይሰማል። የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። የቤዙ ወፍራም ገመድ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ 49 ጊዜ ይርገበገባል። ስለዚህ ጣቴን ሳላሳርፍ ቤቱ ራሱ አንድ ኖታ ይጫወታል፤ ያውም ከእኔ ትንሽ ከፍ አድርጎ። ቅኝቴን ከመብራቱ ጋር ላስማማ ብዬ ገመዱን ወጠር ሳደርግ መብራት ሄደ። መብራት የሄደበት ኤሌክትሪክ ቤዝ የአማቴ አልጋ ነው።

ማታ ላይ መብራት ሲመጣ ድምፁ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነበርና እምምም የሚለው ጉርምርምታ ግድግዳውን አልፎ ወጣ። ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች ተንቀጠቀጡ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናት፤ በማዳበሪያ ገብስ ይዛለች።

«ወፍጮ ስትተክሉ አንድ ቃል አትነግሩንም? በኪሎ ስንት ነው?»

አማቴ ቀደሙኝ። «ተመለሺ፣ ልጄ፤ ይሄ የሚፈጨው ጆሮ ብቻ ነው።»