ፋሲልና ጣሊያን የተካፈሉት አገር

ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለውን 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግራና ቀኝ ያጀበውን ታሪክ ሁሉ ሁለት ሰዎች ብቻ እንደ ሠሩት የሰማሁት ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ከጎኔ ከተቀመጡ አዛውንት ነው። ሕጋቸው አጭር ናት፦ ግንብ ከሆነ ፋሲል ሠርቶታል፤ ጠመዝማዛ ከሆነ ጣሊያን።

ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ ነው የጀመሩት። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ አራተኛውን «አንድ ሰው» ሲያስገባ፣ እሳቸው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ አገሩን ለሁለቱ ያከፋፍሉ ነበር። ፒያሳ ስንደርስ በመስኮቱ አሳዩኝ። ፖስታ ቤቱ የጣሊያን፣ ሲኒማ ቤቱ የጣሊያን፣ ከወዲያ ያለው ግቢ የፋሲል። እስከዚህ ማን ይከራከራቸዋል? አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ቆረቆሩ፤ ጣሊያን ደግሞ በአምስቱ ዓመት ፒያሳን ገነባ። ክርክሩ የመጣው ከፊት ወንበር ነው። የፈተና ወረቀት ታቅፋ የተቀመጠች የታሪክ መምህርት ዞር አለች።

«አባባ፣ ግቢው ውስጥ የፋሲል እኮ አንዱ ግንብ ነው። የዮሐንስ አለ፣ የኢያሱ አለ፣ የዳዊት፣ የበካፋ...»

«እነሱ ማን ናቸው ልጄ? የፋሲል ልጅና የልጅ ልጅ አይደሉም? ባባቱ ርስት ላይ ቤት የሠራ ልጅ ያባቱን ስም ነው የሚያስጠራ።»

«የእቴጌ ምንትዋብስ?»

«ምራት ናት!»

መኪናው ሳቀ። እኔም ነገር ላሟሙቅ ብዬ፣ ፈረንጆች ግንቡን ፖርቱጋሎች ናቸው የሠሩት ሲሉ እንደኖሩ ጣል አደረግሁ። ሽማግሌው በሐዘኔታ አዩኝ። «ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ካገር አላባረራቸውም? ሰው አባሮ ሲያበቃ፣ ና ቤት ሥራልኝ ይላል?» ለዚህ መልስ አልነበረኝም። የሕንድና የዓረብ ጥበብ አሻራ አለበት የሚሉ ሊቃውንት እንዳሉ አውቃለሁ። ግን ደባርቅ ገና ሩቅ ነው፤ በእግሬ የመሄድ ሐሳብም አልነበረኝም።

ከከተማው ወጣ እንዳልን ወለቃ ላይ መምህርቷ በረታች። ወለቃ የቤተ እስራኤሎች መንደር ነበረች፤ አሁን አብዛኞቹ እስራኤል ናቸው። ለነገሥታቱ ድንጋይ ከጠረቡትና ግንብ ካቆሙት ባለ እጆች ውስጥ የእነሱ አባቶች እንደነበሩበት በታሪክም በአፍም ይነገራል። ይህንኑ ነገረቻቸው። አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ፋሲል በእጁ ጠረበ መቼ አልኩሽ?» አሉ። በእኔ ግምት ከዚያ በኋላ የነበረውን ክርክር በሙሉ እሷ ያሸነፈችው እዚህ ጋ ነው። እሳቸው ግን አልተነገራቸውም።

ኮሶዬ ላይ ጉም ገደሉን ስለሸፈነው ታሪክ ዕረፍት ወጣ። አምባ ጊዮርጊስ ሁለት ሰው ወርዶ አራት ገባ። ዳባት ላይ መምህርቷ ትወርዳለች ብለው ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ነበር፤ ለካ እሷም ደባርቅ ነች።

የስሜን ተራሮች ብቅ ሲሉ አዲስ ጉዳይ ተነሣ። ዩኔስኮ በፈረንጅ 1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ የስሜን ፓርክ ከላሊበላ ጋር ገብቷል። የፋሲል ግቢ የገባው በዓመቱ ነው። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ እንደ ግፍ ቆጠሩት። «ጭላዳ ቀድሞ ፋሲል ተከተለ?» አሉ። የዝንጀሮ ወገን ከንጉሥ የቀደመበትን ወረፋ ማን እንደ ሠራው ጠየቁኝ፤ እኔ የዩኔስኮ ሰው እመስል ይሆን?

ወደ ጣሊያን ድርሻ ሲዞሩ ግን ደማቸው ሞቀ። ሊማሊሞን ጣሊያን ቆልምሞ ሠራው፤ አፋፉ ላይ ወልቀፊት መሽጎ ደግሞ እዚያው ተከበበ። ጃንሆይ አዲስ አበባ ከገቡ ወራት ቢያልፉም ወልቀፊት እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው፤ የተማረከው ጦርም 3,000 ያህል ነበር። ጎንደር ራሷ ነጻ የወጣችው ኅዳር 18 ነው። ሽማግሌው ይህን ሲያወሩ ከበባው ውስጥ የቆሙ ይመስል ነበር። በአሳባቸው አርበኞቹ የፈለጉት ምሽጉን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ነው።

መምህርቷ የመጨረሻ ጥይቷን ተኮሰች። «ደረስጌ ማርያምስ አባባ? ፋሲል ነው ወይስ ጣሊያን?»

ጸጥ አሉ። ደረስጌን ያሠሩት የስሜንና የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ናቸው፤ ሊነግሡባት አሰናድተዋት ነበር ይባላል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ገጠማቸው፣ ድል አድርጎ ማረካቸው፣ በሁለተኛው ቀን ውቤ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ አፄ ቴዎድሮስ ተባለ። ጳጳሱ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኗ አለች፤ ንጉሡ ብቻ ተለወጠ።

«ደረስጌማ» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ፣ «ውቤ ደገሰ፣ ካሳ በላ።»

«ስለዚህ የሦስተኛ ሰው ሥራ ነው?»

«የድግስ ነገር ሌላ ነው ልጄ፤ እኔ የማወራ ስለ ሥራ ነው!»

ደባርቅ ስንገባ ረዳቱ ጣራው ላይ ለተጫነው የሽንኩርት ጆንያ የሰው ሒሳብ ጠየቃቸው። ሽማግሌው በፋሲል ዘመን ለጆንያ ተከፍሎ እንደማያውቅ ገለጡለት። ረዳቱ በፋሲል ዘመን ሚኒባስም እንዳልነበረ መለሰ። ወዲያው ወደ መምህርቷ ዞረው፣ «ንገሪው እንጂ፣ የታሪክ አስተማሪ አይደለሽም?» አሏት። እሷም ለሽማግሌው መሰከረች፤ ጆንያው በግማሽ ዋጋ ወረደ።